መልስ፦ ለአዲስ የዳታ ዓይነት ኢንዴክስ መሥራት

ለባለ ሦስት ልኬት ቅርጾች በፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ የፈጠሩት የዳታ ዓይነት በሠንጠረዥ ውስጥ በትክክል እየተቀመጠ፣ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ሲሠሩለት ግን «ነባሪ የኦፕሬተር ክላስ የለውም» የሚል ስህተት የሚመጣው፣ ዳታቤዙ እሴቱን ማስቀመጥ እንጂ እንዴት እንደሚፈልገው ገና ስላልተነገረው ነው። የጎደለው የኦፕሬተር ክላሱ ነው፤ ይህም ኢንዴክሱ ለዓይነቱ የትኞቹን ኦፕሬተሮችና ፋንክሽኖች እንደሚጠቀም የሚነግር ነው።

ቢ-ትሪ የተባለው የተለመደው የኢንዴክስ ዓይነት እዚህ አይጠቅምዎትም፤ እሴቶችን ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር ይፈልጋል፣ የቅርጾች መደራረብ ግን እንዲህ ያለ ቅደም ተከተል የለውም። የሚስማማው ጂስት የተባለው ሌላ የኢንዴክስ ዓይነት ነው፤ እሴቶች በቅርንጫፍ የሚደራጁበትን የዛፍ መዋቅር ጥገና፣ መቆለፍንና ከብልሽት ማገገምን ራሱ ይዞ፣ የእርስዎን ዓይነት ትርጉም ብቻ ከእርስዎ ይጠብቃል።

1. መደራረብን የሚፈትሸውን ፋንክሽን ኢሚዩተብል (ለተመሳሳይ ግብዓት ሁልጊዜ ተመሳሳይ ውጤት የሚሰጥ) ብለው ያውጁና ኦፕሬተሩን በእሱ ላይ ይፍጠሩ።
2. ኮንሲስተንት (ቅርንጫፉ ወይም እሴቱ ለፍለጋው ይስማማ እንደሆነ የሚወስን)፣ ዩኒየን (ከሥሩ ያሉትን ቅርጾች ሁሉ የሚያቅፍ ሳጥን የሚሠራ)፣ ፔናልቲ (አዲስ እሴት ወደ አንድ ቅርንጫፍ የማስገባትን ዋጋ የሚለካ)፣ ፒክስፕሊት (የሞላ ገጽን የሚከፍል) እና ሴም (ሁለት እሴቶች አንድ መሆናቸውን የሚያይ) የተባሉትን 5 ደጋፊ ፋንክሽኖች ይጻፉ። ከባዱ ፒክስፕሊት ነው፤ የሞላን ገጽ (የኢንዴክሱን የማከማቻ ክፍል) ለሁለት ሲከፍል ሁለቱ ክፍሎች እጅግ ከተደራረቡ ፍለጋው በብዙ ቅርንጫፎች መውረድ ስለሚኖርበት ኢንዴክሱ ዝግ ይላል።
3. ሁሉንም በክሪኤት ኦፕሬተር ክላስ ትእዛዝ ያስተሳስሩ፣ ነባሪም ያድርጉት።

ከልምድ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ዩኒየን የሚመልሰው ሳጥን ከሥሩ ያሉትን ቅርጾች ሁሉ ካላቀፈ፣ በአሥርዮሽ ማጠጋጋት ምክንያት በጥቂቱ እንኳ ቢጠብ፣ ስህተት ሳይታይ ከፍለጋው ውጤት ረድፎች ይጎድላሉ። ስለዚህ ማጠጋጋቱ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይሁን፤ ኮንሲስተንት ትርፍ ዕጩ ቢያሳልፍ ዳታቤዙ እንደገና እንዲፈትሽ ማዘዝ ይቻላል፣ የጠፋን ረድፍ ግን የሚመልስ የለም። አንድን ጥያቄ በኢንዴክስና ያለ ኢንዴክስ አስኪደው ውጤቶቹን ሳያነጻጽሩ ሥራ ላይ አያውሉት።