ልቤን የት ጥዬው መጣሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ ነው፤ ትንሽ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለችኝ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሸሽተን ስንመለስ ሱቋ ባዶዋን ቆየችኝ። ከዜሮ ጀምሬ አሁን ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን አልተመለሰም። ወይ ያለፈውን አስባለሁ፣ ወይ ነገ ምን ይመጣ ይሆን እላለሁ። ቅዳሴ ቆሜ እንኳ «ሱቁን ቆልፌዋለሁ ወይ?» እያልኩ ነው የማስቀድሰው። አንዲት ጓደኛዬ ስልኳ ላይ ያገኘችውን ትምህርት ላከችልኝ። ማይንድፉልነስ ይሉታል። «አሁን ውስጥ ኑሪ፣ ትንፋሽሽን አዳምጪ፣ ያለውን ተቀበይ» ይላል። ሞክሬው ትንሽ ቀለል አለኝ። ግን ለኦርቶዶክስ ይፈቀዳል? ደግሞስ መቀበል ማለት የደረሰብኝን ሁሉ «ይሁን» ብዬ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ስለ ቁልፉ ሳነብ ሳቄ መጣ። በአንቺ አይደለም፣ በራሴ ነው። አንድ እሑድ ዲያቆኑ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ይላል፤ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ማለቱ ነው። እኔ ሰዓቴን እመለከታለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ኮምቦልቻ ጉዳይ ነበረኝ፤ እግሬ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሐሳቤ ሐረጎን ይወርድ ነበር። አስተማሪ ተብዬው እንግዲህ እንዲህ ነኝ።

መጀመሪያ ስለ ትምህርቱ። ሥሩ ከቡድሂስት መነኮሳት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1979 ጆን ካባት-ዚን የሚባል አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሕመም ለጸናባቸው ሰዎች የ8 ሳምንት ሥልጠና አደረገው። ሃይማኖቱን ትቶ ዘዴውን ወሰደ ማለት ነው። ስልክ ላይ የምናየው ብዙው ከዚያ የተቀዳ ነው።

ትንፋሽን ማረጋጋት ኃጢአት አይደለም። ትንፋሹንም የሰጠን እግዚአብሔር ነው፤ አዳምን ሲፈጥረው «በአፍንጫውም የሕይወት እስትንፋስን እፍ አለበት» ይላል። ልብሽ ሲመታ ቆም ብለሽ ብትተነፍሺ ማንም ንስሐ ግቢ አይልሽም። የሌላ አምልኮ ስም ጥሪ፣ ለምስል ስገጂ ከተባልሽ ግን እዚያው ዝጊው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ትንፋሽሽን አዳምጠሽ፣ ልብሽ ተሰበሰበ እንበል። ከዚያስ? እዚያ የምታገኚው ራስሽን ብቻ ነው። በእኛ ቤት ልብ የሚሰበሰበው ለቀጠሮ ነው፤ የሚጠብቅሽ አለ።

አባቶች ይህን ሰቂለ ልቡና ይሉታል። ልብን ወደ ላይ መስቀል፣ ማንጠልጠል እንደማለት። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲል ልባችሁን ከፍ አድርጉ እያለን ነው። እኛ ምን እንመልሳለን? «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ።» ልባችን በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ ነው እንላለን፣ በዜማ። ልባችን ግን ሰኞ ገበያ ነው። ባማረ ዜማ እንዋሻለን ማለት ነው። ይቅር ይበለን።

አሁን አንድ ነገር ላሳይሽ። በቅዳሴው መጀመሪያ አካባቢ የምስጋና ጸሎት አለ፤ ጸሎተ አኮቴት። «ከደነነ፣ ረድአነ፣ ዐቀበነ» እያለ ይወርዳል። ሸፈነን፣ ረዳን፣ ጠበቀን። ከዚያ «አብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት» ይላል፤ እስከዚች ሰዓት አደረሰን። ይቺን ሐረግ ለዓመታት ሰምቼ አልሰማኋትም ነበር። ጸሎቱ ኋላውን ያያል፤ ግን እዚያ አይቀርም። የሸሸሽበት መንገድ፣ ባዶው መደርደሪያ፣ ያ ሁሉ «ከደነነ» የሚለው ውስጥ ገብቷል። ከዚያ መጥቶ እዚች ሰዓት ላይ ይቆማል፤ ጠዋት፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ እግርሽ ምንጣፉ ላይ። ቀጥሎ ልመናው ይመጣል፦ በዚች በተቀደሰች ዕለት ጠብቀን፣ በሕይወታችንም ዘመን ሁሉ። ቅደም ተከተሉን አየሽው? ዛሬ ቀደመች። «አሁን ውስጥ ኑሪ» የሚለውን ቤተ ክርስቲያን ድሮም ትለዋለች፤ አሁን ላይ ማን እንዳደረሰሽ ጭምር እየነገረች።

ስለ ትዝታ ደግሞ ወሎዬ ለወሎዬ ምን ይናገራል! ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የአገራችንን ስም ይዘዋል፤ ትዝታም ቢሆን ከቤታችን አይጠፋም። ያለፈውን ማሰብ ክፉ አይደለም። ዳዊትም «የዱሮውን ዘመን አሰብሁ» ይላል። ግን ወዲያው «እጆቼን ወደ አንተ ዘረጋሁ» ብሎ ይቀጥላል። የኛ ትዝታ ብዙ ጊዜ እጅ ሳይዘረጋ ይቀራል፤ እዚያው እንደተከዝን ቡናው ይቀዘቅዛል።

ወደ ነገ እንምጣ። ጌታችን «ለነገ አትጨነቁ» ብሏል፤ «ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል»። ይህን ወሎ ላይ ቆሞ ማስተማር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስድሳ ስድስትን ያየ፣ ሰባ ሰባትን ያየ ሕዝብ ነው። እናቴ ሰባ ሰባትን ያየች ሴት ናት። ጎታዋን ባዶ አታሳድርም ነበር። መስከረም ሲጠባ ክዳኑን ከፍታ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ታስገባና በዳበሳ ትለካዋለች። እስከ አዝመራ ያደርሰናል አያደርሰንም፣ እዚያው ታሰላለች። የሚሸጥ በግ ካለ ይሸጣል። ከዚያ ክዳኑን ትመልስና አመዱን ከእጇ አራግፋ ቡና ታፈላለች። በቀን ሦስት ጊዜ ስትከፍተው አላየኋትም። እኔ ልጅ ሆኜ ይቺ ሴት አትጨነቅም እንዴ እል ነበር። ዮሴፍም በግብፅ የሰባቱን ዓመት እህል ሲያከማች እምነት አጉድሎ አይደለም። ጌታ የከለከለው ጎታውን መለካቱን አይደለም፤ ክዳኑን መዝጋት አቅቶን ቀኑን ሙሉ እጃችንን ውስጡ ከትተን መዋላችንን ነው። የሱቅሽን ሂሳብ ማታ ያዢ፣ ዕቃ አስቀድመሽ እዘዢ፣ ዕቁብም ግቢ። ከዚያ ክደኚው። በአባታችን ሆይ የምንለምነውም የዕለቱን ነው፦ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም»። በምድረ በዳ መናውን ለነገ ያሳደሩት ሰዎች ጠዋት ትል ተገኘበት። ቅዳሜን ግን ያው እግዚአብሔር ራሱ ዓርብ ዕለት እጥፍ ሰብስቡ ብሎ አዘጋጅቶላቸዋል።

መቀበል ወዳልሽው ስመጣ፣ ጌቴሴማኒን ተመልከቺ። ጌታችን መጀመሪያ ያለው «ይሁን» አይደለም። «ቢቻልስ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ነው ያለው። ተንበርክኮ፣ አዝኖ፣ ሦስት ጊዜ ጸለየ። «አንተ እንደምትወድ» የመጣው ከዚያ ልመና ጋር ነው። ስለዚህ የዘረፈሽን ሰው ድርጊት «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነበር» ብለሽ እንድታሳምሪው ማንም አያስገድድሽም። ግፍ ግፍ ነው። አልቅሺ፣ ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ፣ በሕግ የምትጠይቂው ካለ ጠይቂ። የምትቀበዪው ዛሬ በእጅሽ ያለውን ነው፤ ከዚያ ተነሥተሽ ነውና የምትሠሪው። ሙስሊሟ ጎረቤትሽ «አብሽሪ» ስትልሽ ምን ማለቷ ነው? አልተጎዳሽም እያለችሽ አይደለም። አይዞሽ፣ ገና አለሽ ነው የምትለው። ወሎ ውስጥ ይሄን ቃል ያልሰማ ክርስቲያን ያለ አይመስለኝም።

ልምምዱን ከፈለግሽ ከአባ እንጦንስ ውሰጂው። በበረሃ ሳሉ አንድ ቀን ሐሳባቸው ተበትኖ፣ ስልቹነት ያዛቸው። «መዳን እፈልጋለሁ፣ ሐሳቤ ግን አልለቅ አለኝ» ብለው ጮኹ። ወጣ ሲሉ እሳቸውን የሚመስል ሰው አዩ። ተቀምጦ ገመድ ይጎነጉናል፤ ይነሣና ይጸልያል፤ ተመልሶ ይቀመጥና ይጎነጉናል። መልአክ ነበር። «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» አላቸው። ይኸው ነው፤ ረጅም ስብከት የለውም። አንቺም ስኳር ስትመዝኚ ሚዛኑን እዪው። ደንበኛ ሲሄድ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በይ፣ ቀስ ብለሽ፣ ከትንፋሽሽ ጋር። መቁጠሪያ ካለሽ 41ዱን አድርሺ፤ ጊዜ ካጣሽ ሦስቱም ይሁን። ልብሽ ሲሸሽ አትቆጪው። ሕፃን ልጅ ሲሮጥ እጁን ይዞ እንደመመለስ ነው፤ መቶ ጊዜ ይሮጣል፣ መቶ ጊዜ ትመልሺዋለሽ። ቡና ስትቆዪም ስልኩን አስቀምጪው። ስልክ እያየች ያላሳረረች ሴት ካለች ታሳየኝ።

እንቅልፍ እስከማጣት ከደረስሽ፣ የተኩስ ድምፅ በጆሮሽ የሚመላለስ ከሆነ ግን ሐኪም ጋር ሂጂ። ሲራክ «ሐኪምን አክብረው» ብሎናል፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። ጸበሉ ሐኪሙን አይከለክልሽም፣ ሐኪሙም ጸበሉን አይከለክልሽም። ያቺ ጓደኛሽንም አትቆጫት፤ አዝናልሽ ነው የላከችልሽ።

የሚመጣው እሑድ ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲል ለመመለስ አትቸኩዪ። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆይና ልብሽ የት እንዳለ እዪው። ሱቅ ከሆነ ጥሪው፤ ከዚያ «ብነ» በይ። ስትወጪም ቁልፉን ሁለት ጊዜ ጎትተሽ አረጋግጪ፣ ግዴለም።