መልስ፦ ጣሪያው ለሚያፈስ ትምህርት ቤት ድጎማ እንዴት እንጠይቅ?

እህቴ፣ ሀዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ያለው የልጆችሽ ትምህርት ቤት ጣሪያው እንደሚያፈስ ጽፈሽ፣ ወላጆች ተሰባስበን ለማን ደብዳቤ እንጻፍ ብለሻል። ከደብዳቤው በፊት እቅዱ ይቅደም።

ርዕሰ መምህሩ ጋ ሂዱና የመጨረሻውን የኢንስፔክሽን (የትምህርት ቤት ጥራት ፍተሻ) ውጤት ጠይቁ። ደረጃው ከ1 እስከ 4 ነው። 1 ወይም 2 ከሆነ ከስታንዳርድ በታች ነው፣ የጎደለውም እዚያው ተጽፏል፤ ለጋሽ ፊት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የላችሁም። ጣሪያው በትምህርት ቤቱ የማሻሻያ እቅድ ውስጥ ከሌለ በወላጅ መምህር ህብረት በኩል አስገቡት። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሰኔ ላይ መሯሯጥ አይረባም፣ ጥርና የካቲት ላይ ጀምሩ። ከተማ ትምህርት መምሪያንም ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቶችን ለማሻሻል በሚያዋጣበት «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ መግባት ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ።

እኛም ለራሳችን ልጆች ትምህርት ቤት ድጎማ ስንጠይቅ መጀመሪያ «ትምህርት ቤታችን ተጎድቷል፣ እርዱን» ብለን ጻፍን። ማንም አልመለሰልንም። በሁለተኛው ዙር ግን የሴቶቹን መጸዳጃ ቤት ፎቶ አያያዝን፤ በር የለውም፣ አንዷ ስትገባ ጓደኛዋ ሻርፕ ዘርግታ በሩ ላይ ትቆምላታለች። ከሥሩ የሴት ተማሪዎቹን ቁጥር፣ የበሩንና የአናጺውን ዋጋ ከሦስት ፕሮፎርማ ጋር፣ ወላጆች የሚችሉትን አሸዋና ጉልበት ጨምረን አስገባን። ያኔ ተደወለልን።

እናንተም ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት ኪሎ ምስማር፣ ዝናብ ሲመጣ ስንት ልጅ ከቦታው እንደሚነሳ ቆጥራችሁ ጻፉ። ገንዘቡ ደግሞ በትምህርት ቤቱ የባንክ ሂሳብ እንጂ በግለሰብ ስም እንዳይገባ፣ አደራ።