የመውጫ ፈተናዬ ደርሷል፤ የሥነ ፈለክ ክበቡን ልተወው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብረ ማርቆስ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ እመረቃለሁ። ለሁለት ዓመት የሥነ ፈለክ ክበባችን ጸሐፊ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንሰበሰባለን፤ አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ አለን። መጀመሪያ 40 ሰው ይመጣ ነበር፤ አሁን 9 ቀረን። ስለ ጥቁር ጉድጓድ፣ ስለ ጨለማ ቁስ፣ ስለ ሌሎች ዓለማት ንግግር እናዘጋጃለን፤ ሰው ግን አይመጣም። አባቴ ‹ኮከብ ቆጣሪ ልትሆኚ ነው ወይ ያስተማርኩሽ?› ይለኛል። ክበቡ ለሥራ ይጠቅመኛል? ወይስ ትቼው ፈተናዬን ላንብብ?»

መልስ፦ እታለሜ፣ ክበቡን አትተዪው። ጸሐፊነቱን ግን አስረክቢ።

የመውጫ ፈተናው ቀልድ አይደለም። 50 ከመቶ ካላመጣሽ ዲግሪው እጅሽ አይገባም። ስለዚህ ቃለ ጉባኤውን፣ አዳራሽ ማስፈቀዱን፣ ለሰው መደወሉን ለአንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስጪ። አንቺ በወር አንድ ምሽት ብቻ ያዢ። ያንን አንድ ምሽት ግን አሳምረሽ ሥሪው።

ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የላብራቶሪ ረዳት ለመቅጠር ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንድ ልጅ ሲቪው ላይ «የሳይንስ ክበብ አባል» ብሎ ጽፏል። ምን ትሠሩ ነበር አልነው። «እንሰበሰብ ነበር» አለ። በቃ። ሌላ አንድም ነገር አልጨመረም። ነጥቡን ሞልተን ስንወጣ ግቢው ውስጥ ለጓደኛው የጨረቃ ግርዶሽ ሲያስረዳ ሰማሁት። ጡጫውን ጨረቃ፣ የጓደኛውን ራስ ምድር አድርጎ። እንዲህ ጥርት አድርጎ የሚያስረዳ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ለሥራው የምንፈልገው ይሄንኑ ነበር። ልጁ ግን ሥራውን አላገኘም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንቺም ያለሽን ሀብት የምታውቂው አይመስለኝም። ስለዚህ ዛሬውኑ አንድ ደብተር ግዢ። ከእያንዳንዱ ምሽት በኋላ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ይሁን ደመናማ፣ ስንት ሰው እንደመጣ፣ ምን እንዳሳያችሁ ጻፊ። ከሁሉም በላይ ሰዎች የጠየቁትን ጥያቄ በራሳቸው ቃል መዝግቢ። ያለፉትን ሁለት ዓመታትም ከቃለ ጉባኤው እያየሽ ሙዪ። ቀጣሪ «ንቁ አባል ነበርኩ» የሚል ቃል አያምንም። «ይህን ያህል ምሽት አዘጋጀሁ፣ ይህን ያህል ሰው መጣ፣ ይህን አስረዳሁ» ስትዪው ግን ቀና ብሎ ያይሻል።

አሁን ሰው ለምን ቀረ ወደሚለው ልምጣ። ንግግሮቻችሁ ከበዱ። ጥቁር ጉድጓድ በቴሌስኮፓችሁ አይታይም። ሰው ወደ ክበብ የሚመጣው ሊያይ ነው። ካየ በኋላ ራሱ ይጠይቃል፤ ንግግሩ ያኔ ይጣፍጠዋል። ስለዚህ ከዚያው ምሽት ሰማይ ጀምሩ።

ሰማያችሁ ደግሞ የሚያስቀና ነው። ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ናት። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚርቀውም 10 ዲግሪ ያህል ነው፤ ክንድሽን ዘርግተሽ ጡጫሽን አድማሱ ላይ ብታሳርፊ ያንን ታህላለች። በሚያዝያና በግንቦት ምሽት ፊትሽን ወደ ደቡብ ብታዞሪ የደቡብ መስቀል የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ሁለት ጡጫ ከፍ ብሎ ይቆማል። አውሮፓ ያለ አማተር የደቡብ መስቀልን ከደጁ አያየውም። አውስትራሊያ ያለው የሰሜን ኮከብን አያይም። እናንተ አንድ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ሁለቱንም ታያላችሁ።

ለሕዝብ ምሽት ግማሽ ጨረቃ ምረጡ። ሙሉ ጨረቃ ታምራለች እንጂ ለቴሌስኮፕ አትሆንም፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታት ጥላ የለም፣ ጉድጓዶቿ ጎልተው አይታዩም። በግማሽ ጨረቃ ግን ብርሃንና ጨለማ የሚለያዩበት መስመር ላይ ተራራና ጉድጓዱ ጥላ ጥሎ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ጁፒተር ካለ ደግሞ አራቱን ጨረቃዎች አሳዩ፤ ደህና ባይኖኩላርም ይበቃል።

ሰልፉን አትርሺ። አንድ ሰው አንድ ደቂቃ ቢያይ በሰዓት 60 ሰው ነው፤ መጨረሻ የቆመው ይሰለቻል። አንድ ልጅ ቴሌስኮፑ ጋ ይቁም። ምድር ስለምትዞር ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይሄዳል፤ ስለዚህ በየሁለት ሦስት ሰው እያስተካከለ ይቆይ። አንቺ ሰልፉ ጋ ሁኚና አውሪ። ሥራ የምታገኚበትን ችሎታ የምትለማመጂው እዚያ ነው።

ለምሳሌ የብርሃን ዓመት ሲባል ብዙ ሰው የጊዜ መለኪያ ይመስለዋል። ርቀት ነው ብለሽ ብቻ አትለፊ። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው በያቸው። ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ያንን መንገድ በአንድ ሴኮንድ አንድ ሺህ ጊዜ ይሄደዋል ማለት ነው። እንዲህ እያለ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጓዝ የሚደርስበት ነው በያቸው። የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ወርዶ የወጣ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ስለ ሩቅ ዓለም መናገራችሁ ካልቀረ ከአቦል ጀምሩ። በ2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ ስም የማውጣት ዕድል ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቷ አቦል ተብለዋል። ኮከቡ ያለው አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት፣ መብራት በሌለበት ቦታ ካርታ ይዞ በባይኖኩላር ማግኘት ይቻላል። ይህን ሰምቶ ፈገግ የማይል አዳራሽ አላውቅም።

ማታ መሰብሰብ የማያመች ከሆነ ግን ማንንም አታስወጪ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀምራችሁ በጊዜ ግቡ። ቀን ላይም የፀሐይን ምስል በቀዳዳ ካርቶን ወረቀት ላይ ማሳረፍ ይቻላል። በቴሌስኮፕ ግን ከፊቱ ደህና የፀሐይ ማጣሪያ ሳይገጠምለት ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል። የራጅ ፊልምና የጠቆረ መስታወትም አይከላከሉም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. እኛ ዘንድ በከፊል የሚታይ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ክረምት ነው፤ ደመና ሊጋርደው ይችላል። ሆኖም ሰውን ስለ ዓይኑ አስቀድሞ ማስተማር በራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

አባትሽን በተመለከተ፣ እሳቸው የሚያውቁት ኮከብ ቆጠራ ሌላ፣ ያንቺ ሥነ ፈለክ ሌላ ነው። በክርክር ግን አይፈታም። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ፣ የታወቁት የቅኔ ቤቶች አገር ናት። አንድ የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የዘመን አቆጣጠር መምህር ለንግግር ጋብዙ። ጨረቃ በ19 ዓመት ውስጥ 235 ጊዜ እንደምትታደስ፣ የበዓላቱ ቀመር በዚህ ዙር ላይ እንደቆመ፣ የቀመሩ ሁለት ቁጥሮች፣ አበቅቴና መጥቅዕ፣ ሲደመሩ 30 እንደሚመጡ ያስረዱ። አንቺ ቀጥለሽ ያችኑ ጨረቃ በቴሌስኮፕ አሳዪ። አባትሽ የዚያን ቀን ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡ።

ዋሸራ ካልኩ አይቀር፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ፣ በምድር ዙሪያ ያለውን ጠፈር የሚያጠና የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ላብራቶሪ አለ። የምድር ማግኔት ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ አዮኖስፌርን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ያዘለውን የላይኛውን የአየር ክፍል፣ ለማጥናት ቦታችን ይፈለጋል። ለማስተርስ ስታስቢ ሩቅ ከማየትሽ በፊት እዚያ ጠይቂ። እንጦጦም 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። የትም ብትሄጂ ግን ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ይጠይቁሻል። ፈተናው እንዳለቀ ጀምሪው። ጂኦስፓሻል፣ ማለትም የካርታና የቦታ መረጃ ሥራ ብትገቢም ይጠቅምሻል።

ከተመረቅሽ በኋላ ሥራ እየጠበቅሽ ቤት የምትቆዪበት ጊዜ ሊኖር ይችላል። ያን ጊዜ ባዶ አታድርጊው። የዓለም የስፔስ ሳምንት በየዓመቱ መስከረም ማለቂያ ላይ ይውላል፤ ዝናቡ አልቆ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ሁለት ትምህርት ቤት ሂጂና ለተማሪዎቹ ስለ ሰማይ አስረጂ፤ ደብዳቤ አስጽፈሽ፣ ስትጨርሺም ማረጋገጫ አስፈርመሽ።

የደብተሩን የመጀመሪያ አምስት ገጽ ስትሞዪ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ሲቪሽን ከዚያ ተነሥተን አብረን እንጽፈዋለን።