የመንዝ ባና ጃኬትና ነጭ ስኒከር

ወንድሜ፣ «ከመንዝ ባና፣ ከዚያ ከበግ ጸጉር ከሚሸመነው ብርድ ልብስ፣ ጃኬት አሰፍቼ በነጭ ስኒከር ብለብሰው ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ይስቅብኛል?» ብለህ ጠይቀሃል። ማንም አይስቅብህም! ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቀመጠች ከተማ ከበግ ጸጉር የተሻለ ምን ይለበሳል?

ኤር ፎርስ ዋን የተባለው የናይኪ ስኒከር እንኳ በ1982 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲወጣ የቅርጫት ኳስ ጫማ ነበር። የጎዳና ልብስ ያደረጉት ወጣቶቹ ናቸው። አንተም ባናውን ከአልጋ ላይ አንሥተህ ወደ አደባባይ ብታወጣው ያው ነው።

ከባዱ ነገር ስፌቱ ነው። ባናውን ሳታጥበው እንዳታስቆርጠው። የበግ ጸጉር በሙቅ ውሃ ሲታሽ ይሰበሰባልና በኋላ እጅጌው ክንድህ ላይ ይቀራል። አስቀድመህ በቀዝቃዛ ውሃ ንከረው፣ ሳትጠመዝዘው በጥላ አድርቀው፣ ከዚያ ለልብስ ሰፊው ስጠው። ገበርም አስገባበት፤ አለዚያ አንገትህን ሲያሳክክህ ይውላል። እኔ ጥቁር ባና አሰፍቼ በትከሻው ላይ እንደ በርኖስ ሹል እንዲወጣለት አደረግሁ። አንድ የመንዝ አባት ያችን ሹል በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ይህማ የእኛ ነው» ሲሉኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም።

ስኒከሩን በተመለከተ፣ ለክረምት ጭቃ ከሸራ ይልቅ ቆዳው ይሻልሃል። ጭቃው ሲደርቅ በብሩሽ አራግፈህ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፤ ፀሐይ ላይ ግን አታስጣው፣ ነጩ ቢጫ ይሆንብሃል።

ባናውን ስትገዛ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገህ እየው። ብርሃኑ በብዛት ካለፈ ሽመናው ሳስቷል፣ ሌላ ፈልግ።