ማሽኑ «መጀመሪያ ንፋ» ሲላችሁ

ልጆች፣ እንጨት ስሰነጥቅ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ገና ወርክሾፕ ለምትገቡት አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

የትንፋሽ መቆለፊያው ማሽናችን ላይ የተገጠመ ሰሞን በጣም ተናድጄ ነበር። ትነፋላችሁ፤ ትንፋሻችሁ አልኮል ካለው ማሽኑ አይነሳም። «እንደ ሌባ ተጠረጠርን» ብዬ አጉረመረምኩ። አንድ ጠዋት ነፋሁ፣ እምቢ አለ። ማታ ጠጥቻለሁ፤ ግን ተኝቻለሁ፣ ታጥቤያለሁ፣ ቡናም ጠጥቻለሁ። አንጎበር እንኳ አልነበረብኝም። ተበላሽቷል ብዬ መጠጥ የማይቀምስ ልጅ ጠርቼ አስነፋሁ። ወዲያው ተነሳለት። አፈርኩ።

ሒሳቡን የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ደም ውስጥ ያለ አልኮል በሰዓት የሚቀንሰው በአማካይ 0.015 በመቶ ያህል ነው። እኩለ ሌሊት ላይ የደሙ አልኮል 0.15 በመቶ የደረሰ ሰው እስኪጠራ 10 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ረፋድ 4 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ሥራ የምንገባው ደግሞ 2 ሰዓት! ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር ጉበትን አያስቸኩልም። እንዲያውም ቡና የጠጣ ሰካራም ያስፈራኛል፤ ነቅቷል፣ ግን አልጠራም።

በማስቲካም አትድከሙ። መሣሪያው ሽታ አይለይም። ውስጡ ያለው ፕላቲኒየም ላይ አልኮሉ ኬሚካላዊ ለውጥ ሲያደርግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ የሚለካው እሱን ነው። አልኮል ባለው የአፍ ማጠቢያ ከተጉመጠመጣችሁ ግን ሳትጠጡም ሊይዛችሁ ይችላል። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ንፉ።

«ጣት ሲነካው የሚቆም መጋዝ አለ እኮ» ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ ጎበዝ ነው። ቆዳ ሲነካው የመጋዙ የኤሌክትሪክ ምልክት ይቀየራል፤ የአሉሚኒየም ፍሬን ጥርሱ ውስጥ ይሰነቀርና በ5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያቆመዋል። ግን የሚያድናችሁ ቆዳችሁ ሲነካው ብቻ ነው። መጋዙ ነጥቆ የወረወረው እንጨት ሆዳችሁን ቢመታ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሞቅ ያለው ሰው ደግሞ እንጨቱን አጣሞ ለመግፋት ማን ብሎት!

ትንፋሽ መለኪያውም ቢሆን የእንቅልፍ ክኒንን ወይም ድካምን አያይም። ማን እንደነፋም ሁልጊዜ አያውቅም፤ ካሜራ ያለው አለ፣ የእኛ የለውም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠዋት ጠጋ ብሎ «አንዴ ንፋልኝ» አለኝ። ድሮ ቢሆን ይሉኝታ ይዞኝ እነፋለት ነበር። እምቢ አልኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላም አላለኝም።