ኮምቦ ወይስ ሄድና ካቢኔት? ስለ ቤዝ አምፕ ለጠየቃችሁኝ

ስለ ቤዝ አምፕ፣ ማለትም ስለ ቤዝ ጊታር ድምፅ ማጉያ፣ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ለአዲስ ሰው ያህል፦ ኮምቦ ማለት ማጉያውና ስፒከሩ አንድ ሳጥን ውስጥ ያሉበት ነው። ሄድ ደግሞ ማጉያው ብቻ ነው። ስፒከሩ ለብቻው በሌላ ሳጥን ይመጣል፤ እሱን ነው ካቢኔት የምንለው።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነኝ፣ የምለማመደው ቤት ነው። ጓደኞቼ «ኮምቦ የጀማሪ ነው፣ ሄድና ካቢኔት ግዛ፣ ኋላ ይቆጭሃል» ይሉኛል።

መልስ፦ አትስማቸው። ለቤት ትንሽ ኮምቦ ይበቃሃል፤ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ያለው ከሆነ ጎረቤትም ያመሰግንሃል። ነገ ባንድ ብትገባ እንኳ እሱ ቤት ይቀመጣል እንጂ አይጣልም። ደግሞ ኮምቦን የሚንቅ ሰው ታሪኩን አያውቅም። ፌንደር በ1952 ለቤዝ ብሎ ያወጣው ባስማን ኮምቦ ነበር። በ1960 የመጣው የአምፔግ ፖርታፍሌክስማ ከሁለቱም አይደለም፤ ማጉያው ክዳኑ ላይ ተገጥሞ፣ ሥራ ሲያልቅ ተገልብጦ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ብልህ ሰው የሠራው ዕቃ ነው።

ጥያቄ፦ ባንድ ውስጥ ነኝ። ድራመራችን ሲመታ አይራራም። ባለ 100 ዋት ኮምቦዬ ባለ አንድ 12 ኢንች ስፒከር ነው፣ የራሴ ድምፅ አይሰማኝም። 200 ዋት ብገዛ እገላገላለሁ?

መልስ፦ አትገላገልም። ዋቱን እጥፍ ስታደርገው የምታገኘው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ብቻ ነው፤ ትንሽ ጨመር አለ ከማለት አያልፍም። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል። ይህ በዋት 10 እጥፍ ነው!

ስለዚህ ከዋቱ በፊት ስፒከሩን እይ። ስፔኩ ላይ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ይጻፋል። አንዱ 94፣ ሌላው 100 ቢል፣ ሁለተኛው ያንኑ ድምፅ በሩብ ዋት ያወጣዋል። እኔ ብሆን ገንዘቤን መጀመሪያ ስፒከር ላይ ነው የማውለው። የሄድና ካቢኔት ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው፤ ማጉያውን ሳትነካ ስፒከር ትጨምራለህ።

ግን ምንም ሳትገዛ አንድ ነገር ሞክር። ኮምቦህ መሬት ላይ ከሆነ የሚጮኸው ለጉልበትህ ነው። ወንበር ላይ አውጣው ወይም ወደ ጆሮህ አዘንብለው። ቀጥሎ የቤዙን ቁልፍ ቀንስና ሚዱን (የመካከለኛ ድምፆችን ቁልፍ) ከፍ አድርግ። ወፍራሙ የኢ ክር ክፍት ሲመታ 41 ኸርዝ ነው። ጆሮህ ግን በባንድ ጩኸት መሃል ኖታውን የሚለየው ከዚያ በላይ ባሉት ድምፆች ነው። ብቻህን ስትጫወት ደስ የሚለው ወፍራም ድምፅ ከበሮ ሲገባ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሄዴ ጀርባ ላይ «ቢያንስ 4 ኦም» ይላል። ካቢኔቴ 8 ኦም ነው። ሁለተኛ ልጨምር?

መልስ፦ ጨምር፤ እሱም 8 ከሆነ። ኦም ማለት ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ማጉያው የበለጠ ይለፋል። ሁለት ባለ 8 ኦም ሲገናኙ 4 ይሆናሉ፣ ሄድህ የሚፈልገው ልክ እሱን ነው። ባለ 4 ብትጨምርበት ግን 2.7 ገደማ ይወርዳል፤ ማጉያው ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል፣ ሲብስም ይቃጠላል። ስለዚህ ወደፊት ማሳደግ የሚያስብ ሰው ባለ 4 ኦም ካቢኔት ቀድሞ ከገዛ በሩን በገዛ እጁ ዘጋ ማለት ነው። አሁን በአንዱ ባለ 8 ስትጫወት ሄዱ ሙሉ ዋቱን አይሰጥህም፤ 500 የሚለው 300 ገደማ ሊሰጥ ይችላል። አትደንግጥ፣ ልዩነቱ ከ3 ዴሲቤል በታች ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦዬ ለተጨማሪ ስፒከር መውጫ አለው። መሃል መንገድ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ እኔም የምወደው መንገድ ነው። ለትንሽ ሥራ ብቻውን ይዘሽው ትሄጃለሽ፣ ለትልቁ ካቢኔት ትጨምሪያለሽ። ግን የውስጡ ስፒከር ስንት ኦም እንደሆነ ማኑዋሉ ላይ እይ። ማጉያው ከ4 በታች የማይችል ከሆነና የውስጡ ራሱ 4 ከሆነ፣ በጎኑ ሌላ አይጨመርም።

ጥያቄ፦ 60 ሊሞላኝ ነው፣ ወገቤም አላስቆም ብሎኛል። የቱ ይቀለኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ በደህና ጊዜ ነው የጠየቁት። በ1969 የወጣው የአምፔግ ኤስቪቲ በቱቦ፣ ማለትም አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ክፍሎች፣ የሚሠራ ባለ 300 ዋት ሄድ ነው፤ እሱ ብቻውን ከ35 ኪሎ ያልፋል። ባለ 8 ስፒከሩን ካቢኔት ያለ ረዳት የሚያነሳው የለም። ዛሬ «ክላስ ዲ» ከሚባሉት ሄዶች ብዙዎቹ 3 ኪሎ አይሞሉም፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ። ስፒከሩን ኒዮዲሚየም ማግኔት ያለው ይምረጡ፤ ከተራው በጣም ይቀላል። ለእርስዎ ሁለት ትንንሽ፣ ባለ አንድ 12 ኢንች ካቢኔቶች ይሻላሉ። የክብደታቸው ድምር ከአንድ ትልቅ ኮምቦ ላያንስ ይችላል፣ ግን በሁለት ዙር ይገባል። ለትንሽ ቤት አንዱ ብቻ ይበቃዎታል። ሁለቱን ሲያቆሙ ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱን በሌላው ላይ ያድርጉት፤ የላይኛው ለጆሮዎ ይቀርባል።

ጥያቄ፦ ሄዱን ከካቢኔቱ ጋር በጊታር ኬብል ላገናኘው?

መልስ፦ በፍጹም። የጊታር ኬብል ሽቦው ቀጭን ነው፣ ይግላል። የስፒከር ኬብል ግዛ፤ ስፒኮን የሚባለው ተጠምዝዞ ስለሚቆለፍ መድረክ ላይ ተረግጦ አይነቀልም። የቱቦ ሄድ ከሆነ ደግሞ ካቢኔት ሳይሰካ አታብራው፤ ትራንስፎርመሩን ልታጣው ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ሳውንድ ማኑ ሁሌ በዲአይ፣ ማለትም ያለ ማይክ በቀጥታ በኬብል፣ ነው ወደ ሚክሰር የሚወስደኝ። ታዲያ አምፕ ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ ሕዝቡ የሚሰማው ከትልቁ ሲስተም ከሆነ አምፕህ ላንተ ሞኒተር፣ ማለትም የራስህን ድምፅ የምትሰማበት፣ ነው፤ ደህና ኮምቦ ይበቃል፣ ግድግዳ የሚያክል ካቢኔት አትጎትት። ብቻ ዲአይ መውጫው ላይ «ፕሪ/ፖስት» ማብሪያ ይኑረው። ፕሪ (ድምፁ ከቁልፎቹ በፊት የሚወጣበት) ላይ ካደረግከው አንተ መድረክ ላይ ቁልፍ ስታዞር የሳውንድ ማኑ ድምፅ አይለወጥም፣ እሱም አይነጫነጭም። እምምም የሚል ጉርምርምታ ከመጣ «ግራውንድ ሊፍት» የሚለውን ተጫን።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ኮምቦ ላይ ምን ልይ?

መልስ፦ ቤዝሽን ይዘሽ ሂጂ። ቁልፎቹን ሁሉ መሃል ላይ አድርጊና ዝቅተኛውን ክር በደንብ ጮኽ አድርገሽ ምቺ፤ ባለ 5 ክር ከሆነ ቢውን፣ እሱ 31 ኸርዝ ገደማ ይወርዳል። የሚንኮሻኮሽ ነገር ከሰማሽ ወይ ስፒከሩ ተጎድቷል ወይ ብሎን ላልቷል። ኮምቦ ላይ ማጉያው ከስፒከሩ ጋር አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ ብሎን መላላቱ የተለመደ ነው፤ ሻጩ ፊት አጥብቀሽ እንደገና ሞክሪ። ከዚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አዙሪ፣ የኬብሉን መሰኪያ ወዝወዝ አድርጊ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልቴጅ ሳታነቢ ግን አትሰኪው።