ኪልት ላይ ኪስ? አዎ፤ ሽንሽኑን ግን እንዳትነኪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼ ባጭሩ ልመልስ ብዬ ነበር፤ ጉዳዩ ግን ባጭሩ የሚያልቅ አይደለም። ላላነበባችሁት፦ እህታችን ሜሪላንድ ልብስ ትሰፋለች። ቤተሰቡ ከስኮትላንድ የሆነ ደንበኛ ታርታን የሚባለውን፣ ባለ ቀለም መስመሮቹ ቁልቁልና አግድም የሚተላለፉበትን ጨርቅ ይዞ መጥቶ ኪልት ስፊልኝ ብሏታል፤ የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት፣ ወገብ ላይ የሚጠቀለለው ሽንሽን ጉርድ ማለት ነው። ለወንድሙ ሰርግ ይለብሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በዘወትር ሊለብሰው ይፈልጋል። ስለዚህ የስልክ ኪስ ይኑረው፣ በዘለበቱ ፋንታ ዚፕ ወይም ቬልክሮ ይሁን፣ ስወፍርም ስከሳም ይስተካከልልኝ፣ አይክበድ፣ ቤት ውስጥም ይታጠብ ብሏል። እሷ ደግሞ «የሰው ባህል እንዳላበላሽ ፈራሁ፣ የቱን እሺ የቱን እምቢ ልበል? ታርታኑስ የሌላ ጎሳ ቢሆን?» ነው ያለችው።

እኔ ኤድንብራ ኪልት የሚሰፋበት ቤት ነው የምሠራው። መጀመሪያ ገበርና ዘለበት ብቻ ነበር የሚሰጡኝ፣ አሁን ከልኬት እስከ መጨረሻው ካውያ እይዛለሁ። የምነግርሽ ጠረጴዛ ላይ ያየሁትን ነው።

ከፍርሃቱ ልጀምር። ኪልት ራሱ ሲለዋወጥ የኖረ ልብስ ነው። የድሮው ትልቁ ኪልት ያልተሰፋ ረጅም ጨርቅ ነበር፤ ወገብ ላይ በቀበቶ ታስሮ፣ የተረፈው ትከሻ ላይ ተጥሎ፣ ሲመሽ ብርድ ልብስ ይሆናል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የላይኛው ግማሽ ቀረና ከወገብ በታች ያለው ብቻውን ልብስ ሆነ። ሽንሽኑ በስፌት መያዝ የጀመረው ከዚያም በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1746 የወጣ ሕግ የሃይላንድን፣ የስኮትላንድን ተራራማ አገር ልብስ ከለከለ፤ የመንግሥት ወታደር ካልሆነ በስተቀር ወንድ ሊለብሰው አይችልም ነበር። እገዳው የተነሳው በ1782 ነው። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ ኤድንብራን ሲጎበኙ ደግሞ ደራሲው ዋልተር ስኮት ዝግጅቱን በታርታን አንቆጠቆጠው። የተራራ ሰው ልብስ የነበረው የመላው አገር ምልክት ወደ መሆን የሄደው በዚህ ነው። በቅርቡም እዚሁ ኤድንብራ ሃዊ ኒኮልስቢ የሚባለው ሰፊ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በጂንስና በቆዳ ሳይቀር ኪልት ሠርቷል፤ ኪስም አድርጎበታል። አሜሪካ ሲያትል ውስጥ አንድ ድርጅት በ2000 ባለ ትልልቅ ኪስ የሥራ ኪልት መሸጥ ጀመረ። የስኮትላንድን የኳስ ደጋፊዎች ብታያቸው ኪልቱን በማሊያና በከስክስ ጫማ ነው የሚለብሱት። ስለዚህ ኪስ ስለጨመርሽ ማንም ስኮትላንዳዊ አይቀየምሽም። የሚቀየመው በደንብ ባልተሰፋ ኪልት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሽንሽኑንና የጥለቱን መስመር እስካልነካሽ ድረስ ሌላው ሁሉ መለወጥ ይችላል። የሀበሻ ቀሚስ ላይ ዚፕ ስናስገባ ጥበቡን አንቆርጥም አይደል? ጎን ላይ ቦታ ፈልገን ነው የምንደብቀው። ኪልትም ልክ እንደዚያ ነው።

ለምን ሽንሽኑ ላይ ይህን ያህል እንደማከር በቁጥር ላሳይሽ። ደንበኛሽ ዳሌው 40 ኢንች፣ ወገቡ 34 ነው እንበል። ግማሽ ያህሉ ከፊት ዝርግ ሆኖ የሚደራረበው ነው፣ ግማሹ ከኋላ ሽንሽን ነው። ለሽንሽኑ ዳሌ ላይ 20 ኢንች ደረሰሽ ማለት ነው። እያንዳንዱ ሽንሽን ሦስት አራተኛ ኢንች ከታየ 27 ያህል ሽንሽን ይወጣል። አሁን የታርታኑን አንድ ሙሉ ዙር፣ ማለትም ጥለቱ ከጀመረበት ተነስቶ እንደገና እስኪደገም ያለውን፣ ለኪ፤ 6 ኢንች ነው እንበል። እያንዳንዱ ሽንሽን አንድ ሙሉ ዙር ይውጣል፣ በሚቀጥለው ላይ ጥለቱ ካቆመበት እንዲቀጥል። 27 በ6 ሲባዛ 162 ኢንች፣ ያርዱ 36 ኢንች ነውና አራት ያርድ ተኩል ለሽንሽኑ ብቻ ሄደ። ፊቱና የጎኖቹ ጥልቅ እጥፋት ሲጨመሩ ነው ሰዎች ስምንት ያርድ ወደሚሉት የምትጠጊው። ከዚያ እነዚያው 27 ሽንሽኖች ወገብ ላይ 17 ኢንች ውስጥ መግባት አለባቸው፣ እያንዳንዱ ከሦስት አራተኛ ወደ አምስት ስምንተኛ ኢንች ይጠባል። ይህቺ የአንድ ስምንተኛ ልዩነት ናት በእጅ ስፌት፣ አንድ በአንድ፣ ከዳሌ እስከ ወገብ የምትሰፋው። አንዱ ሽንሽን በክር ውፍረት ከተንሸራተተ አግድም መስመሩ ይሰበራል፣ ከሩቅ ይታያል። ሰውዬው ሲራመድ ከኋላው ጨርቁ ተከፍቶ ተመልሶ በቦታው ሲገባ ያ ሁሉ ልፋት የት እንደሄደ ይገባሻል። እኔ ይህን ልብስ የወደድኩት በዚያ ነው።

ስለዚህ ላስቲክ የሚባል ነገር ወገቡ ውስጥ እንዳታስገቢ። ላስቲክ ጨርቁን ይሰበስባል፣ ያ 27 ጊዜ የለካሽው ሁሉ ይጨማደዳል። ማስተካከያው ዘለበቱ ላይ ነው ያለው። በግራ በኩል የውስጠኛው ፊት፣ ከሚደራረቡት ከስር የሚውለው፣ ማሰሪያ በወገቡ ቀዳዳ አልፎ ይወጣል፣ በቀኝ አንድ ወይም ሁለት ይኖራል። ማሰሪያዎቹን ረዘም አድርጊያቸው፣ ቀዳዳቸውን አብዢ፣ የውስጠኛውን ፊት ደግሞ ትንሽ ሰፋ አድርገሽ ቁረጪ። ሰውዬው ሲወፍር መደራረቢያ ይተርፈዋል። ከዚያ በላይ ከወፈረ ዘለበቶቹን ፈትተሽ ታዛውሪያቸዋለሽ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ዚፕ እምቢ በይ። ኪልት የሚጠቀለል ልብስ ነው፣ ዚፕ የሚገባበት ስፌት የለውም፤ አስገባለሁ ካልሽ የጎን ሽንሽን መክፈት ግድ ይሆናል። ቬልክሮም እምቢ። መንጠቆው ሱፉን እየነቀለ ያሻክረዋል፣ ሲቀመጥ ደግሞ ድምፅ አውጥቶ ይለቃል፣ እሱም በሰርግ ላይ! ደንበኛው የሚፈራው ነፋስ ከሆነ ከውስጥ፣ ሁለቱ ፊቶች በሚገናኙበት፣ ተጭኖ የሚዘጋ ቁልፍ አንድ ሁለት ቦታ ስፊለት። አይታይም፣ ይይዛል። በነገራችን ላይ ከፊት ታች የሚሰካው ጌጠኛ መርፌ ቁልፍ ሁለቱን ፊት አይወጋም፣ የላይኛውን ብቻ ነው። ሁለቱን ከወጋ ሲቀመጥ ጨርቁ ይቀደዳል። ንገሪው።

ኪሱ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚጠይቀው እሱን ነው። የባህሉ ኪልት ኪስ የለውም፤ ከፊት የሚንጠለጠለው ስፖራን የሚባለው የቆዳ ቦርሳ ነው ኪሱ። ለሰርጉ እሱ ይበቃል፣ ስልክ የሚይዝ ስፖራን ይግዛ። ለዘወትሩ ግን ስፖራን ማንጠልጠል የማይፈልግ ሰው ብዙ ነው፣ እውነት አለው። ቦታው ጎን ላይ ነው፤ ፊቱ አልቆ ሽንሽኑ ሲጀምር ጥልቅ እጥፋት አለ፣ ኪሱ በዚያ ጥላ ውስጥ ይገባል። ጠንካራ የገበር ጨርቅ ተጠቀሚ። ዋናው ምስጢር ግን ክብደቱ የሚያርፍበት ነው። የኪሱን ከረጢት ታርታኑ ላይ ብቻ ከሰፋሽው ስልኩ ጨርቁን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አግድም መስመሩ በዚያ ጎን ሲያዘነብል ታያለሽ። ስለዚህ ከረጢቱን በጥብጣብ አድርገሽ ወደ ላይ፣ ወገቡ ውስጥ ከሚሰፋው ጠንካራ ጨርቅ፣ ከካንቫሱ ጋር አንጠልጥዪው። ጭነቱን ካንቫሱ ይሸከም፣ ታርታኑ ምንም አይወቅ። ጨርሰሽ ከማስረከብሽ በፊት ስልክና የቁልፍ ዘለላ ጨምረሽበት ስቀዪውና እደሪ። ጠዋት ጠርዙ ቀጥ ካለ ጥሩ ነው።

አንድ የማልረሳው ደንበኛ የኢንሱሊን መስጫ መሣሪያ ወገቡ ላይ የሚይዝ ወጣት ነበር። ሊያገባ ነው፣ መሣሪያው ከኮቱ ስር እንዲያብጥ አይፈልግም። በውስጠኛው ፊት ገበር ላይ መሣሪያው ልክ የሚገባበት ትንሽ ኪስ፣ ከላይዋ ደግሞ ለቀጭኗ ቱቦ የቁልፍ ቀዳዳ አወጣንለት። ከውጭ ምንም አይታይም። ልጁ መስታወት ፊት ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ፊቱ በራ። ዘመናዊ ነገር ማለት ለእኔ ይሄ ነው፣ የሚለብሰውን ሰው የሚረዳ።

ክብደቱ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳት ይመስለኛል። «አይክበድ» ሲባል ቀጭን ጨርቅ ይፈለጋል። የኪልት ሱፍ በያርድ 13 እና 16 አውንስ የሚመዝነው ነው ደህናው፤ 10 እና 11 የሚባለውም አለ፣ ግን ሽንሽኑ ስለት አይይዝም፣ ነፋስም ይጫወትበታል። ቀላል ኪልት ከፈለገ ጨርቁን ሳይሆን ያርዱን ቀንሺ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበሩት የመጀመሪያዎቹ የተሰፉ ኪልቶች አራት ያርድ ገደማ ነበሩ፤ ሽንሽናቸው ሰፋፊና ግራና ቀኝ የታጠፈ፣ በሳጥን ቅርጽ። ከስምንት ያርዱ በጣም ይቀላል፣ ሙቀቱም ያንሳል፣ ለሜሪላንድ በጋ ይሆናል። ደግሞ ለአንቺ ሥራውም ያነሰ ነው። ደንበኛሽ ዘመናዊ ብሎ የጠየቀሽ ነገር የድሮው ውስጥ አለ። እኔ ብሆን ይሄንን ነበር የማቀርብለት።

እጥበቱ የሚወሰነው ባመጣው ጨርቅ ነው። ከጫፉ ጥቂት ክር ምዘዢና በእሳት ሞክሪ። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተሽና አመዱ በጣት ሲነካ ከደቀቀ ሱፍ ነው፤ ቀልጦ ጠጣር እንክብል ከሆነ ሰው ሠራሽ ክር አለበት። ሱፍ ከሆነ ማሽን አይታሰብም፤ ይናፈሳል፣ የቆሸሸው ቦታ ብቻ ይጸዳል፣ ሲብስ ላውንደሪ ይሄዳል። የፖሊስተርና የቪስኮስ ድብልቅ ከሆነ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ ያኔ ገበሩን ሳትሰፊው በፊት እጠቢው፣ አለበለዚያ በኋላ ይሸበሸብና ወገቡን ይስበዋል። የቆዳውንም ማሰሪያ ተይውና በናይሎን አድርጊው፣ ወይም ተነቃይ ይሁን። ለሰርጉ ቆዳውን፣ ለዘወትሩ ናይሎኑን ያስገባል።

አሁን ጨርቁን ሳትቆርጪ በፊት ሁለት ነገር እዪልኝ። አንደኛ የጨርቁ ዳር። ለኪልት የተሸመነ ጨርቅ ዳሩ ንጹሕ ነው፣ ራሱ የኪልቱ የታች ጠርዝ ይሆናል፤ አይታጠፍም፣ አይቀመቀምም። የኛ እጅ ለመቀምቀም ይቸኩላል፣ ተጠንቀቂ። ርዝመቱን የምታስተካክዪው ከላይ ነው፣ ከወገቡ። የታቹ ጠርዝ ጉልበት መሃል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ያርፋል፣ ወገቡ ደግሞ ከሱሪ ወገብ ከፍ ይላል፣ እምብርት አካባቢ። ሁለተኛ ስፋቱ ድርብ ከሆነ በቁመቱ ለሁለት ተከፍሎ ነው ስምንት ያርዱ የሚገኘው፣ መጋጠሚያውም ሽንሽን ውስጥ ይደበቃል። ሁለተኛው ግማሽ ግን ዳሩ ወደ ታች እንዲመጣ መገልበጥ አለበት። የታርታኑ ቀለማት ከግራም ከቀኝም ስታነቢው አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ካላቸው ችግር የለም። ካልሆኑ ግን ሲገለበጥ ቅደም ተከተሉ ይዞራል፣ አይገጥምም። ይህንን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ጣትሽን ከቀለም ወደ ቀለም እያስኬድሽ አረጋግጪ።

ታርታኑ የሌላ ጎሳ ቢሆንስ ላልሽው፣ ብዙ ታርታን በስኮትላንድ ጎሳ ስም ይጠራል እንጂ የሌላውን መልበስ የሚከለክል ሕግ የለም። የንጉሣዊው ቤተሰብ ባልሞራል የሚባለው ብቻ በልማድ ለእነሱ ይተዋል። አዲስ ታርታን አስነድፎ ማስመዝገብም ይቻላል፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ መንግሥት የሚይዘው መዝገብ አለ።

ውጩ ጂንስ ወይም ጥቁር ጨርቅ ሆኖ ታርታኑ በሽንሽኑ ጉድጓድ ውስጥ ብቻ፣ ሲራመድ ብልጭ የሚል፣ እሱንም ሊጠይቅሽ ይችላል። ያምራል። ግን ሁለቱ ጨርቆች ክብደታቸው ተቀራራቢ ካልሆነ አይሆንም፣ ጂንሱ ሲታጠብ ይገባል፣ ሱፉ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ይህን ሰውየው በሌላ ጊዜ በሌላ ጨርቅ ያሰፋ፤ ያመጣውን ታርታን ሙሉውን ይልበሰው።

ዋጋ ስትነጋገሪ የእጅ ስፌቱን ሰዓት እንዳትረሺ። ሽንሽኑ ብቻ ቀናት ይወስዳል፣ ሰውየው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ርካሹን አይቶ ሊሆን ይችላል። ያ በማሽን የተሰፋ ነው፣ ጥለቱም ከሽንሽን ሽንሽን አይገናኝም። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አሳዪው።

በይ የዳሌውንና የወገቡን ልክ፣ የታርታኑን አንድ ዙር በኢንች፣ ስንት ያርድ እንዳመጣና ስፋቱን እዚህ ጻፊልኝ። የሽንሽኑን ቁጥር ለአራቱም ለስምንቱም ያርድ አስልቼ እልክልሻለሁ። እስከዚያ መቀስ እንዳታነሺ።